የድሮዋን ማዝዳ ሚያታ በራስ እጅ መጠገን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምታወሩት ስለ የትኛዋ ሚያታ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1989 ቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለታየችውና እስከ 1997 ድረስ ስለተመረተችው፣ የፊት መብራቷ ብቅ ጥልቅ ስለሚለው ነው። አውሮፓ ኤምኤክስ-5፣ ጃፓን ዩኖስ ሮድስተር ይሏታል፤ ስሟ ቢለያይም ብሎኖቿ ያው ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ከ1990 እስከ 1993 ያለው ሞዴል 1.6 ሊትር፣ ከ1994 እስከ 1997 ያለው ደግሞ 1.8 ሊትር ሞተር አለው። ዕቃ ሲያዙ መጀመሪያ የሚጠየቁት ይህንኑ ነው፤ የፍሬን ዲስክ፣ የዲፈረንሻል ዘይት መጠን፣ ብዙ ነገር በዚህ ይለያያል።

ለጀማሪ ይህችን የምንመርጠው በሦስት ምክንያት ነው። ከ400 ሺህ በላይ ስለተሠራች መለዋወጫዋ ሞልቷል። ሞተሯ በቁመቱ ስለተቀመጠ ኮፋኖውን ሲከፍቱ እጅ ይገባል። ታይሚንግ ቺንጋዋ (የቫልቮላዎቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኖቹ ጋር የምታስማማው ቀበቶ) ብትበጠስ ደግሞ ፒስተንና ቫልቮላ አይጋጩም። ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ተሳስተው የሚማሩትን ሰዎች ከከሳሪነት ያድናል።

ምን ዓይነት መሣሪያ ያስፈልገኛል?

ቁልፍና ቡሶላ 8፣ 10፣ 12፣ 14፣ 17፣ 19 እና 21፤ ከዚህ ውስጥ ግማሹን ሥራ 10 እና 12 ይሠራሉ። ቶርክ ቁልፍ ሁለት ይግዙ፤ አንዱ ከ5 እስከ 25 ኒውተን ሜትር፣ ሌላው ከ40 እስከ 200። ትልቁን ብቻ ይዞ የቫልቮላ ክዳን ብሎን የሚያጠብቅ ሰው ብሎኑን ቆርጦ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ውስጥ ያስቀረዋል፤ ያ ብሎን የሚፈልገው ከ5 እስከ 9 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው።

ብዙዎች የማያውቁት ካቻቢቴውን ነው። የመኪናዋ መስቀለኛ ብሎኖች የጃፓን ስታንዳርድ ናቸው። ተራው ባለ መስቀል ካቻቢቴ ጥልቀቱ ስለማይገጥም ተንሸራትቶ ይወጣና ጭንቅላቱን ይበላዋል። የጃፓን ስታንዳርድ ካቻቢቴ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ቢገዙ ይበቃል።

በክሪክ የት ላይ ላንሳት?

ከፊት የሞተሩ መስቀለኛ ብረት መሐል፣ ከኋላ ዲፈረንሻሉ መሐል። ከካምቢዮው እስከ ዲፈረንሻሉ የተዘረጋው ረጅሙ አሉሚኒየም ላይ በፍጹም አይጫኑ፤ ሁለቱን አስተካክሎ የሚይዝ እንጂ ክብደት የሚሸከም አይደለም። ወለሉ ላይ ያሉት ቀጫጭን የላሜራ ሐዲዶችም ይጨማደዳሉ። ካባሌቶዎቹን (መኪናዋን ደግፈው የሚይዙትን ማቆሚያዎች) በጎን በኩል፣ የላሜራው ከንፈር የጠነከረበት ቦታ ላይ፣ መሐሉ ላይ ጎማ ቁራጭ አድርገው ያስቀምጡ። ከዚያ መኪናዋን በእጅ ገፋ ገፋ አድርገው ይፈትሹ። በክሪክ ብቻ ተይዛ ሥሯ አይገባም፤ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን።

ዘይት ስለውጥ ለምን ሁሉ ነገር ይበላሽብኛል?

ፊልትሮው የተቀመጠበት ቦታ መጥፎ ስለሆነ ነው። በቀኝ በኩል፣ ከአየር ማስገቢያው ሥር ተደብቋል፤ ሲፈታ ዘይቱ በሞተሩ ጎን ወርዶ መስቀለኛው ብረት ላይ ይጠራቀምና ለሳምንት ይንጠባጠባል። ፊልትሮውን ሩብ ዙር ብቻ ያላሉት፣ የፕላስቲክ ከረጢት ያልብሱት፣ ከዚያ ከረጢቱ ውስጥ እንዳለ ፈትተው ይዘውት ይውጡ። የድሮው ጎሚኒ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ አለመቅረቱን በጣት ዳስሰው ያረጋግጡ። ሁለት ጎሚኒ ተደርቦ ከገጠመ ሞተሩ ሲነሳ ዘይቱን ሁሉ መሬት ላይ ይተፋዋል።

1.6ቱ ከነፊልትሮው 3.6 ሊትር አካባቢ ይወስዳል። 1.8ቱ ትንሽ ይበልጣል፤ በመለኪያው ብረት እያዩ ይሙሉ። 10ደብሊው-30 ይስማማታል። የማፍሰሻው ብሎን 19 ቁልፍ ነው፤ ማጥበቂያው ከ30 እስከ 41 ኒውተን ሜትር፣ ከብሎኑ ሥር ያለው ሮንዴላ ደግሞ በየጊዜው አዲስ። ያገለገለውን ዘይት አሜሪካ ውስጥ ብዙ የመለዋወጫ መደብሮች በነፃ ይቀበላሉ።

ዘይት በሞተሩና በካምቢዮው መጋጠሚያ ያንጠባጥባል። መካኒኩ «የኋላው ፓራውሊዮ ሄዷል፣ ካምቢዮ ይውረድ» አለኝ። ልስማማ?

ገና ነው። የኋላው ፓራውሊዮ፣ ማለትም ዘይት በሞተሩ ዋና ዘንግ (ክራንክሻፍት) ጫፍ እንዳያመልጥ የሚይዘው ጎማ ቀለበት፣ ሊያፈስ ይችላል፤ ግን በእነዚህ መኪኖች ላይ ተመሳሳይ ጠብታ የሚያመጡ ሁለት ርካሽ ነገሮች ከላይ አሉ። አንዱ የቫልቮላ ክዳኑ ጓርኒሲዮን (በክዳኑና በሞተሩ መሐል ያለው ማሸጊያ) ነው። ሁለተኛው ከቴስታታው ኋላ፣ ከመኪናው ግድግዳ ጋር ተፋጥጦ የተቀመጠው የካም ሴንሰር ጎሚኒ ቀለበት ነው። ይህ ቀለበት በሙቀት ደርቆ እንደ ፕላስቲክ ይጠነክራል፤ ዘይቱ በሞተሩ ጀርባ ተንሸራቶ በትክክል ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር የሚገጥምበት ሰፊ ክፍል ላይ ያርፋል። ከሥር የሚያይ ሰው ፓራውሊዮው ነው ቢል አይፈረድበትም።

እንዲህ ይፈትሹ፦ የሞተሩን ጀርባ በቅባት ማጠቢያ አጥበው ያድርቁ። የሕፃን ፓውደር ነስንሰው ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ይንዱ። ከዚያ በመስታወትና በባትሪ ከላይ ወደ ታች ይመልከቱ። ዘይት ወደ ላይ አይወጣም፤ ፓውደሩ የረጠበበት ከፍተኛው ቦታ ምንጩ ነው።

የሴንሰሩን ቀለበት ለመቀየር አንዱን 12 ብሎን ይፈቱታል። ከመፍታትዎ በፊት ግን ሴንሰሩና ቴስታታው ላይ የሚያልፍ አንድ ቀጭን መስመር በጠቋሚ ያስምሩ፤ ሴንሰሩ ሲዞር የእሳቱ ሰዓት (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት) አብሮ ይዞራል። አዲሱን ቀለበት ዘይት ቀብተው ያስገቡና መስመሩን ያጋጥሙ። በመጨረሻ በታይሚንግ መብራት ይለኩ፦ ኮፋኖው ውስጥ ያለው የምርመራ ሳጥን ላይ «ቲኢኤን» (TEN) እና «ጂኤንዲ» (GND) የሚሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኝተው፣ በ850 ዙር ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ)፣ እሳቱ 10 ዲግሪ ቀድሞ መሆን አለበት።

የቫልቮላ ክዳኑን ጓርኒሲዮን ሲቀይሩ ማዕዘኖቹ ላይ፣ ግማሽ ክቦቹ ከጠፍጣፋው ጋር በሚገናኙበት ቦታ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ሲሊኮን ጠብ ያድርጉ። እሷ ስትረሳ ነው አዲስ ጓርኒሲዮን በሳምንቱ የሚያፈሰው።

የፍሪሲዮን ፔዳሉ ወለሉ ላይ ቀረ፤ ማርሽ አይገባም። ፍሪሲዮኑ አለቀ ማለት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ያለቀ ፍሪሲዮን ይንሸራተታል፦ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ አትሄድም። ፔዳል ወለል ላይ መቅረት የዘይት ግፊት መጥፋት ነው፤ በሚያታ ላይ ደግሞ የታወቀው ጥፋተኛ ታችኛው የፍሪሲዮን ፖምፓ ነው፣ በካምቢዮው ቀኝ ጎን የታሰረው። የጎማ ሽፋኑን በጣት ገለጥ ያድርጉ፤ ጥቁር እርጥብ ዘይት ካለ ፖምፓው ሄዷል። ከዚያ ውስጥ ገብተው ከፔዳሉ በላይ ግድግዳው ላይ ይዳስሱ፤ እዚያም እርጥብ ከሆነ የላይኛውም ሄዷል።

አንዱ ካፈሰሰ ሁለቱንም በአንድ ቀን መቀየር ይሻላል። አዲሱ ሙሉ ግፊት ሲይዝ ያረጀው ጓደኛው ብዙ አይቆይም።

ሥራው እንዲህ ነው። ቀኝ ጎኗን አንስተው በካባሌቶ ያሳርፉ። ፖምፓው ገና እንደታሰረ የቱቦውን 10 ዳዶ ለመስመር ዳዶ በተሠራ፣ ዙሪያውን በሚይዝ ቁልፍ ያላሉት፤ በተራ ቁልፍ ከጀመሩት ጠርዙ ይበላል፣ ከዚያ በፒንሳ መታገል ይመጣል። ሁለቱን 12 ብሎኖች ፈትተው ፖምፓውን ያውጡ። አዲሱን ሲያስገቡ መግፊያው ዘንግ የሹካው ጉድጓድ ውስጥ መቀመጡን በጣት ያረጋግጡ። ብሎኖቹ ከ16 እስከ 22 ኒውተን ሜትር ይበቃቸዋል። የቱቦውን ዳዶ ግን መጀመሪያ በእጅ ሁለት ሦስት ዙር አስገብተው እንጂ በቁልፍ አይጀምሩት፤ ጥርሱ ተጣሞ የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው።

አየር ለማስወጣት ሁለት ሰው ይኑር። ዶት 3 የፍሬን ዘይት ይሞሉ፤ የፍሪሲዮኑ ዕቃ ከፍሬኑ የተለየች ትንሽ ናት፣ ቶሎ ትጎድላለች። አንዱ ፔዳሉን ቀስ አድርጎ ይረግጣል፣ ሌላው የማስወጫውን ብሎን ከፍቶ ይዘጋል፣ ከዚያ ብቻ ፔዳሉ ይነሳል። አረፋ እስኪጠፋ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ይደጋግሙ። ፔዳሉ ላልቶ ራሱ ባይመለስ አይደንግጡ፣ በእጅ ይጎትቱት። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል፤ የፈሰሰውን ወዲያው በብዙ ውኃ ይጠቡ።

ታይሚንግ ቺንጋን ቤት ውስጥ መቀየር ይቻላል?

ይቻላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ይያዝለት። አሜሪካ ውስጥ የተቀመጠለት ጊዜ በ60 ሺህ ማይል (ወደ 97 ሺህ ኪሎ ሜትር) ነው። መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለ እንዳልተቀየረ ይቁጠሩት። የውኃ ፖምፓው የሚዞረው በዚሁ ቺንጋ ስለሆነ ፖምፓውን፣ ማወጠሪያውን፣ ቺንጋውን የሚመራውን ኩሽኔታ፣ የካምሻፍቶቹንና የክራንክሻፍቱን የፊት ፓራውሊዮ አብረው ይቀይሩ። ቺንጋውን ብቻ ቀይሮ በዓመቱ ፖምፓ ሲያፈስ ሁሉን እንደገና መፍታት የብዙ ሰው ቁጭት ነው።

ውኃውን አፍስሰው፣ የአየር ቱቦውንና የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ፣ የውጭ ቺንጋዎቹን፣ የቫልቮላ ክዳኑንና ሦስቱን ፕላስቲክ ሽፋኖች ያንሱ። ካንዴላዎቹን ያውጡ፤ ሞተሩ በእጅ በቀላሉ ይዞራል። ሞተሩን ሁልጊዜ ከፊት ሲታይ ወደ ሰዓት አቅጣጫ ብቻ ያዙሩ። በአየር ማስገቢያው በኩል ያለው ማርሽ የ«አይ» (I) ፊደሉ፣ በጭስ ማውጫው በኩል ያለው የ«ኢ» (E) ፊደሉ ወደ ላይ ሆነው ከኋላቸው ካሉት ምልክቶች ጋር እስኪገጥሙ ያምጡት። አሮጌውን ቺንጋ ከማውጣትዎ በፊት ፎቶ ያንሱ፤ ከሁሉ የሚበልጠው መመሪያ የራስዎ ስልክ ላይ ያለው ነው።

አዲሱን ሲያስገቡ ከ«አይ» ምልክት እስከ «ኢ» ምልክት 19 ጥርስ ይቁጠሩ። አንድ ጥርስ ከበለጠ ወይም ካነሰ መኪናዋ ትነሳለች፣ ግን ሚኒሞዋ ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበቷም ይጠፋል። ይህ ስሕተት ጉዳት ስለማያደርስ ሰው ወራት ይነዳትና ካንዴላ፣ ኮይል፣ ሴንሰር እየቀየረ ገንዘቡን ይጨርሳል።

አሁን ሰው የሚዘለው ነጥብ፦ ማወጠሪያው በሞላው ጉልበት ቺንጋውን የሚይዘው ክራንክሻፍቱ ትክክለኛ ቦታ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ቺንጋው ከገባ በኋላ ክራንክሻፍቱን አንድ ሙሉ ዙርና አምስት ስድስተኛ ያዙሩ። የማወጠሪያውን 14 ብሎን አላልተው ሞላው ራሱ እንዲስብ ይተዉት፤ በእጅ ወይም በብረት አይግፉ። ከ37 እስከ 52 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ። ከዚያ ሁለት ዙርና አንድ ስድስተኛ አዙረው ምልክቶቹን እንደገና ይመልከቱ። በሁለቱ ካምሻፍት ማርሾች መካከል ቺንጋውን በ10 ኪሎ ጉልበት ሲጫኑት ከ9 እስከ 11.5 ሚሊ ሜትር መግባት አለበት። በጣም የጠበቀ ቺንጋ ያፏጫል፣ የውኃ ፖምፓውንም ኩሽኔታ ይበላል።

«አጭር አፍንጫ» ሲሉ የምሰማው ምንድን ነው?

እስከ 1991 አካባቢ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ 1.6 ሞተሮች የክራንክሻፍት ጫፋቸው አጭር ነው። የፊት ፑሊውን የሚይዘው ቁልፍ ብረት ቦታውን ቀስ በቀስ አስፍቶ ፑሊው መወላገድ ይጀምራል፤ ከዚያ የእሳቱ ሰዓት ይዛባል፣ ጉልበት ይጠፋል፣ በመጨረሻም ክራንክሻፍቱ ይበላሻል። ለመለየት የፑሊውን መሐል ከፊት ይመልከቱ፦ አራት ክፍተት ካለው አጭር፣ ስምንት ካለው ረጅም ነው።

አጭር ከሆነ ጥሩ መኪና አይደለችም ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ዛሬም ይሄዳሉ። የመሐሉን 21 ብሎን ያለ ምክንያት አይፍቱት። ከተፈታም የረጅሙን ሞተር ልክ አይጠቀሙ፤ ለረጅሙ ከ157 እስከ 167 ኒውተን ሜትር ሲሆን ለአጭሩ ከ108 እስከ 118 ነው። ሞተሩ እየሠራ ፑሊው ሲዋልል ካዩ ያጥፏትና አይንዷት።

የኋላ ፍሬን ሸራ ስቀይር ፒስተኑ አልገባ አለኝ።

በመጫኛ ብረት እየገፉት ከሆነ አሁኑኑ ያቁሙ። የኋላው ፒስተን የእጅ ፍሬኑም መሣሪያ ስለሆነ በውስጡ ጥርስ ያለው ዘንግ አለ፤ በግድ ሲገፋ ያ ይሰበራል። ከካሊፐሩ ጀርባ አንድ 14 መክደኛ ብሎን አለ። እሱን ሲያወጡ ከውስጥ 4 ሚሊ ሜትር አለን ቁልፍ የሚገባበት ብሎን ያገኛሉ። ወደ ግራ ሲያዞሩት ፒስተኑ ራሱ ይገባል። አዲሱን ሸራ አስገብተው ሲጨርሱ ጎማው በእጅ እስከማይዞር ወደ ቀኝ ያጥብቁትና ሲሶ ዙር ይመልሱት። መክደኛውን መመለስ አይርሱ።

ብዙ ሰው «የእጅ ፍሬኔ አይዝም» ብሎ ሽቦውን ያጠብቃል። መጀመሪያ የሚስተካከለው ይህ ነው፤ ሽቦው ከዚያ በኋላ። ቨርጂኒያ ያላችሁ ዓመታዊው የደኅንነት ምርመራ የእጅ ፍሬንንም ስለሚፈትሽ ይህን ቀድማችሁ ጨርሱ።

የዲስኩ ዝቅተኛ ውፍረት ራሱ ላይ ተቀርጿል፤ በካሊፐር መለኪያ ይለኩት። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ። የጎማ ዳዶ 21 ነው፣ ከ88 እስከ 118 ኒውተን ሜትር።

ስረግጣት ትንቀጠቀጣለች፤ ዝናብ ሲሆን ይብሳል።

የካንዴላ ገመዶች። በዚህች መኪና ላይ የሚያልቁ ዕቃዎች ናቸው፤ እሳቱ በተሰነጠቀው ሽፋን አምልጦ ወደ ሞተሩ ብረት ይዘላል። ማታ ጨለማ ውስጥ ኮፋኖውን ከፍተው፣ ሞተሩ እየሠራ ገመዶቹ ላይ ውኃ በቀጭኑ ቢረጩ ሰማያዊ ብልጭታ ይታያል። እጅዎን ግን ያርቁ። ካንዴላዎቹን አብረው ይቀይሩ፦ ኤንጂኬ ቢኬአር5ኢ-11፣ ክፍተቱ ከ1.0 እስከ 1.1 ሚሊ ሜትር፣ ማጥበቂያው ከ15 እስከ 23 ኒውተን ሜትር፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ። የካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ዘይት ካለ ጥፋቱ የቫልቮላ ክዳኑ ጓርኒሲዮን ነው፤ ሳያስተካክሉ አዲስ ገመድ ቢያስገቡ ዘይቱ ያበላሸዋል።

በ1.6ቱ ላይ አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። የአየር መለኪያው ውስጥ ያለው ክዳን የቤንዚን ፖምፓውን ያበራል። ከመለኪያው ወደ ሞተር የሚሄደው ጎማ ቱቦ ከተሰነጠቀ ወይም ሳይታሰር ከቀረ መኪናዋ ትነሳና ትጠፋለች። ፖምፓ ከመግዛትዎ በፊት ቱቦውን አጥፈው ሥሩን ይመልከቱ።

የሞተር መብራት በርቷል፤ ኮድ ማንበቢያ ግን የሚሰካበት የለም።

እስከ 1995 ያሉት ላይ ኮምፒውተር አያስፈልግም። ኮፋኖው ውስጥ ባለው የምርመራ ሳጥን «ቲኢኤን» እና «ጂኤንዲ» ላይ የወረቀት መያዣ ሽቦ ያገናኙና ቁልፉን ያብሩ፤ ሞተሩን አያስነሱ። መብራቱ ይቆጥርልዎታል፦ ረጅሙ አሥር፣ አጭሩ አንድ። ከ1996 ጀምሮ ግን የተለመደው ማንበቢያ ይሠራል።

ጠዋት ስትነሳ ቲክ ቲክ ትላለች።

ቫልቮላዎቹን የሚያስተካክሉት 16 የዘይት ማስተካከያዎች ሌሊት ዘይታቸው ይወርዳል። ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ ዝም ይበሏት። ካልጠፋ ንጹሕ ዘይት ይለውጡ፣ ብዙ ጊዜ በዚያ ያበቃል።

ምንጣፉ ሥር ውኃ አገኘሁ። ጣሪያው ተቀደደ?

ጣሪያውን ከመቀየርዎ በፊት የውኃ መውረጃዎቹን ይዩ። ከመቀመጫዎቹ ኋላ፣ በግራና በቀኝ፣ ከጣሪያው የሚወርደውን ውኃ ወደ ሥር የሚያወጡ ቱቦዎች አሉ። ቅጠልና አፈር ሲሞላባቸው ውኃው ወደ ውስጥና ወደ ጎኑ ላሜራ ይገባል። ከኋላ ጎማ ፊት ያለው የጎን ላሜራ ከውስጥ የሚበሰብሰው በዚህ ነው፤ ክረምት መንገድ ላይ ጨው የሚረጭበት አካባቢ ደግሞ ከውጭም ያግዘዋል። ሣር መቁረጫ ላይ የሚገባውን ወፍራም ናይለን ገመድ ቀስ አድርገው ይስደዱ። ብረት ሽቦ ጎማውን ይቀደዋል። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ውኃ ያፍስሱ፤ ወዲያው መሬት ላይ መውጣት አለበት።

መኪና ለመግዛት ከሆነ የሚያዩት፣ ይህን ላሜራ ከሞተሩ አስቀድመው ይጫኑት። ሞተር ይቀየራል፤ የበሰበሰ ላሜራ ብየዳ ነው።

ተራ ባትሪ መግጠም እችላለሁ?

አይመከርም። ባትሪዋ ያለው የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ በቀኝ በኩል ነው፤ ከፋብሪካ የመጣው የታሸገ፣ ጋዙን በቱቦ ወደ ውጭ የሚያወጣ ነው። ተራ የአሲድ ባትሪ ጋዙን እዚያው ውስጥ ይለቃል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ላሜራው ዝጎ ያገኙታል። የታሸገውን ይግዙ፣ ቱቦዎቹንም ያገናኙ።

ራዲያተሩን መቼ ልቀይር?

የላይኛው ፕላስቲክ ጥቁር ከሆነ ጊዜ አለው። ወደ ቡናማ ከተቀየረ ፕላስቲኩ ደርቋልና መንገድ ላይ ሳይሰነጠቅ ይቀይሩት። ሙሉው ውኃ 6 ሊትር ገደማ ነው፤ ግማሹ ማቀዝቀዣ፣ ግማሹ የተጣራ ውኃ። ሲሞሉ አፍንጫዋን ከፍ ያድርጉና ማሞቂያውን ሙሉ ይክፈቱ፣ አየር እንዳይቀር።

የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት?

ሁልጊዜ መሙያውን ብሎን መጀመሪያ ይፍቱ። ማፍሰሻውን ከፍተው መሙያው አልፈታ ካለ መኪናዋ ያለ ዘይት እዚያው ትቀራለች። ካምቢዮው 2 ሊትር 75ደብሊው-90 ጂኤል-4፤ ዲፈረንሻሉ በ1.6 ላይ 0.65 ሊትር፣ በ1.8 ላይ 1 ሊትር ጂኤል-5። ቀዝቃዛ ጠዋት ሁለተኛ ማርሽ እምቢ ቢል የዚህ ካምቢዮ ጠባይ ነው፤ እስኪሞቅ አያስገድዱት።

የማርሽ ዱላው ከሻከረና ከሥሩ ሙቀትና ጫጫታ ከመጣ፣ ዱላው ሥር ያለችው ዕቃ ደርቃለች። የራሷ ዘይት አላት፣ ከ80 እስከ 90 ሚሊ ሊትር። የተቀደደውን ጎማ ቀይረው ዘይቱን ይሙሉ፤ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፣ ለውጡ ግን አዲስ ካምቢዮ የገጠሙ ያህል ይሰማል።

ቤት ውስጥ የማይነካ ሥራ አለ?

የሾክ ሞላ ያለ ትክክለኛ መጭመቂያ አይፍቱ፤ ያመለጠ ሞላ ሰው ይገድላል። የቤንዚን ፊልትሮ ከመፍታትዎ በፊት ሞተሩ እየሠራ የፖምፓውን ሪሌይ ነቅለው እስኪጠፋ ይጠብቁ፤ መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ዓይን ላይ ይረጫል። የጎማ አቅጣጫ ማስተካከልና የላሜራ ብየዳ ማሽን ላለው ይተዉ።

አዲስ አበባ ልልካት እችላለሁ?

ከ2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2024 መጀመሪያ) ጀምሮ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ አግዳለች። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ያስቡበት፤ ሚያታዋ ኢትዮጵያ የምትገባ አይደለችም።